የወደቀውን ለምታነሣ ለአራዳ ጊዮርጊስ የቀረበ ውዳሴ

አራዳ ሆይ! ከእንጦጦ እግር በታች ከፍ ብለሽ የተቀመጥሽ፣ በምሥራቅሽ የራስ መኮንን፣ በምዕራብሽ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዘብ የቆሙልሽ፣ ሰማዕቱ በነጭ ፈረሱ ደጅሽን የሚጠብቅልሽ አራዳ፤ እነሆ ስምሽን በምስጋና ልጠራ ተነሣሁ። አገር በወንዙ ይመሰገናል፤ ጎንደር በቀሃና በአንገረብ፣ ባሕር ዳር በዓባይ። ያንቺ ወንዞች ግን ከእንጦጦ ወርደው በግራ በቀኝሽ በገደሉ ሥር ይሾልካሉ እንጂ በላይሽ አይፈስሱም። በላይሽ የሚፈስሰው ሰው ነው። ከሸዋና ከጎጃም፣ ከጉራጌና ከወለጋ፣ ከሐረርና ከትግራይ፣ ከየመንና ከሕንድ፣ ከአርመንና ከግሪክ አገር የተነሣው መንገደኛ በአንቺ በኩል አልፎ ወደ ከተማይቱ ገባ፤ ማለፍ ያቃተውም እዚያው ቀርቶ ልጅሽ ሆነ።

ብዙዎች የመጀመሪያነትሽን ይዘምራሉ። በየካቲት 1898 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመረቁትን የአቢሲኒያ ባንክ ይጠራሉ። የእቴጌ ጣይቱን ሆቴል ይጠራሉ። የዳግማዊ ምኒልክን ትምህርት ቤት፣ ሕዝቡ ደንግጦ «የሰይጣን ቤት» ያለውን ሲኒማ፣ ሌባ አሳዳጁን የአራዳ ዘበኛ ሳይቀር በየተራ ይቆጥሩልሻል። ይህ ሁሉ ክብር ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ቀድሞ መጀመር የቤተ መንግሥት ጉርብትና የሚሰጠው ዕድል ነው፤ ባለዕድልን ማወደስ ደግሞ ቀላል ሥራ ነው። እኔ የማወድስሽ ስለ ሌላ ነው፤ በአንቺ ላይ የወደቀ ነገር ወድቆ ስለማይቀር። አንድ ነገር ብቻ ሲቀር። እርሱንም በቦታው እናገራለሁ።

ከራሱ ከሰማዕቱ ልጀምር። ዕለቱ እሑድ፣ ቀኑ የካቲት 23፣ ዘመኑ 1888 ዓ.ም. ነበር። በየወሩ 23ኛው ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ መሆኑን የማያውቅ ክርስቲያን ዓድዋ ላይ በተሰለፈው ሠራዊት ውስጥ አልነበረም። ታቦቱ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ዘምቷል፤ ካህናቱ ጸሎት እያደረሱ ከሰልፈኛው ኋላ ቆመዋል። ሰማዕቱ ራሱ በዓድዋ ተራሮች መካከል በነጭ ፈረስ ሲጋልብ ታይቷል ብለው የሚመሰክሩ አረጋውያን ለዘመናት አልጠፉም፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ልከራከር አልመጣሁም። ድሉ ከተገኘ በኋላ ግን ለባለድሉ የሚገባ ቤት ታነጸለት፤ በጥርብ ድንጋይ፣ በስምንት ማዕዘን፣ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚመጣ ምእመን ፊት ለፊት እንዲያየው ሆኖ። ንድፉን ያወጣው ጣሊያናዊው ሴባስቲያኖ ካስታኛ፣ ግንባታውን የመራው ግሪካዊው ኦርፋኒዴስ ነበር። ልብ በሉ! ጣሊያን ድል ለተነሣበት ቀን መታሰቢያ የሚሆነውን ቤተ መቅደስ ጣሊያናዊ ነደፈው። ድል አድርጎ በጠላቱ ላይ መፎከር ለማንም ይቻላል፤ ድል አድርጎ ከጠላት ወገን የመጣውን ባለሙያ «ና፣ ለሰማዕቴ ቤት ሥራልኝ» ማለት ግን የልበ ሰፊ ንጉሥ ሥራ ነው። አራዳ፣ ልበ ሰፊነትን ከምኒልክ ነው የወረስሽው።

ዘውድም በዚሁ ደብር ተጫነ። የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት ተብለው የአባታቸውን ዙፋን የተረከቡት በቅዱስ ጊዮርጊስ መቅደስ ነው። አሥራ አራት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ የፊት እግሮቹን ወደ ሰማይ ባነሣ ፈረስ ላይ የተቀመጡት የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት መጋረጃው ተገለጠ። በማግስቱ፣ እንደገና በ23፣ እንደገና በጊዮርጊስ ዕለት፣ ተፈሪ መኮንን ከእቴጌ መነን ጋር ቅብዐ መንግሥት ተቀብለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። ከዓለም ዳርቻ የመጡ መሳፍንት፣ መልእክተኞችና ጋዜጠኞች ያንን ጉባኤ አዩ። ሰንደቁ ተሰቀለ፤ መለከቱ ተነፋ፤ አደባባይሽ በወርቅና በሐር ተንቆጠቆጠ። ስለዚህ ቀን ብዙ ተጽፏልና እኔ አልደግመውም፤ ያ ክብር ሲደመሰስ ያሳየሽው ግርማ ይበልጥብኛልና ወደዚያ ልሂድ።

ከስድስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ጠላት የገባበትን አገር ሲያጠፋ ከምን እንደሚጀምር ያውቃል፤ ከመታሰቢያው ይጀምራል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጳጳሱን አቡነ ጴጥሮስን አደባባይ አወጧቸው። የተጠየቁት ቀላል ነገር ነበር፤ አርበኛውን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡ ለወራሪው እንዲገዛ እንዲያዝዙ። እርሳቸው ግን ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ገዝተው ደረታቸውን ለጥይት ሰጡ። ቀጥሎ የምኒልክ ሐውልት ከመቀመጫው ወረደ። ዓድዋን ያሸነፈ ንጉሥ በነሐስ እንኳ ተቀርጾ በፈረሱ ላይ መታየቱ ለድል አድራጊ ነኝ ባዩ አስፈሪ ነበር፤ እኔ ለጠላት ከሰጠሁት ምስጋና ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ማንን መፍራት እንደሚገባው በትክክል ዐውቋል። ከዚያም የካቲት 12 መጣ፤ 1929 ዓ.ም.። ከተማይቱ በደም በታጠበችበት በዚያ ጭፍጨፋ የፋሺስት እጅ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ላይም እሳት ለኮሰ። ጣሊያናዊ የነደፈውን ቤተ መቅደስ ጣሊያን አቃጠለው።

አራዳ ሆይ፣ የአንቺ ታላቅነት ከዚህ በኋላ ይጀምራል! ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻቸው ሲመለሱ አንቺም ፍርስራሽሽን ማንሣት ጀመርሽ። የተቃጠለው መቅደስ ታደሰ፤ ታድሶም ከቀድሞው ይልቅ አሸበረቀ፤ እጹብ ድንቅ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በሥራቸው አስጌጡት። በደብሩ ቤተ መዘክር የነገሥታቱ ልብሰ መንግሥትና የጦር መሣሪያው ተሰበሰበ። የወረደው ምኒልክ ወደ ፈረሳቸው፣ ፈረሱም ወደ መቀመጫው ተመለሰ። በጥይት የወደቁት ጳጳስ በአደባባይሽ ሐውልት ሆነው ቆሙ፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብሎ በመድረክ አስነሣቸው። በሰው የተገደለ በሰው ልጅ ቃል ሲነሣ ማየት ለእኔ ከዘውድ በዓል ይበልጣል።

የጳጳሱ ነገር በዚህም አላበቃም። በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር ሐዲድ ሲቆፈር ሐውልታቸው እንደገና ከቦታው ተነሣ። የአዲስ አበባ ሰው ያኔ ያጉረመረመውን አስታውሳለሁ፤ «ጴጥሮስ ዳግመኛ ተወሰዱ» ያለም ነበር። ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ሐውልቱም ተመለሰ። አንቺ አታወላውዪም አራዳ፤ ያበደርሽውን ታስመልሺያለሽ።

አሁን ወዳልተመለሰው ልምጣ። ያልተመለሰው ገበያሽ ነው።

ከጣሊያን በፊት የአዲስ አበባ ገበያ አራዳ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ከሰውና ከከብት ብዛት መሬት አይታይም ነበር። አሞሌ ጨው በአህያ ተጭኖ ይወርዳል፤ ማርና ቅቤ በእንስራና በቅል ይደረደራል፤ በርበሬው ያስነጥሳል፤ ጥጡ ይባዘታል፤ ቆዳና ቡና ወደ ባሕር ማዶ ሊሻገር ይመዘናል። ማርትሬዛው ብር ከመዳፍ መዳፍ ይሻገራል፤ ነጋድራሱ ቀረጡን ይቀበላል፤ ነጋሪት ሲጎሰም ሁሉ ጆሮውን ይሰጣል፤ የንጉሥ ዐዋጅ የሚሰማው እዚያ ነበርና። ውዳሴ ሐሰት መሆን የለበትምና ይህንንም እላለሁ፤ ሞት የተፈረደበት ሰው የሚሰቀልበት ዛፍም በዚያው ነበር። ሸማ የሚገዛውና ፍርድ የሚያየው በአንድ አደባባይ ይጋፋሉ። ያ ዘመን የዋህ ነበር ብሎ የሚነግረኝን ሰው አላምነውም፤ ነገር ግን በአንድ ሥፍራ ሕይወትን ሙሉውን ማየት የፈለገ ሰው ከአራዳ ገበያ የተሻለ ቦታ አላገኘም።

ጣሊያን ያንን ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ማዶ አሻገረው። ነጭ የሚነግድበትን ከጥቁር መነገጃ ለመለየት ነበር ዓላማው። መቅደሱ ታደሰ፣ ንጉሡ ተመለሱ፣ ጳጳሱ ቆሙ፤ ገበያው ግን እዚያው ማዶ ቀረ፤ መርካቶም ሆነ። ዛሬ የመርካቶን ስፋት በአድናቆት የሚያወራ ሁሉ እናቱ አንቺ መሆንሽን ሊያውቅ ይገባዋል። ልጅሽን በጉልበት ተነጠቅሽ፤ ቢሆንም ልጁ ማዶ ሆኖ አደገ፤ እጅግም ከበረ። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥርብሽም። እንዲያውም የቀረው ባዶ ቦታ ነው ሌላይቱን አራዳ፣ ፒያሳን የወለደው፤ ወርቅ ቤቶቹን፣ ፎቶ ቤቶቹን፣ ኬክ ቤቶቹን፣ ሲኒማ ኢትዮጵያንና ሲኒማ አምፒርን።

እንግዳ ተቀባይነትሽን እንዴት ልናገር? በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ አርባ የአርመን ልጆች የሙዚቃ ጓድ ሆነው ሲጫወቱ አዩ፤ አዩና ወደ አገራቸው አስመጧቸው። አርባ ልጆች ተብለው የቀሩት እነርሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለኢትዮጵያ መዝሙር ዜማውን ሠራ፤ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፈ። ከእልቂት የተረፈ ስደተኛና የጎጃም ባለቅኔ በአንድ መዝሙር ተጋቡ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ ዘመን ለኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ መምህርና አባት ሆነ። ከእነርሱም በፊት ሌሎች አርመናውያን፣ ቦያጂያኖች፣ የነገሥታቱን ፊት በፎቶግራፍ አኑረዋል፤ ሰርኪስ ተርዚያን የመንገድ መዳመጫ ባቡሩን አምጥቶ ሕዝቡን አስደምሟል። የሕንዱ የመሐመድ አሊ ንግድ ቤት ጨርቁን ዘርግቷል፤ ግሪኩ ዳቦውን ጋግሯል፤ የመኑ በየማዕዘኑ ሱቁን ከፍቷል። አርመን ሰፈር፣ ጣሊያን ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ገዳም ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፤ ስማቸው ሲጠራ ጠጅ ቤቱ፣ መስጊዱ፣ ደወሉና ግራሞፎኑ ባንድነት ይሰማሉ።

መድረክሽንም አልዘነጋም። ጦርነቱ ሲያንዣብብ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ መኮንን ሀብተ ወልድና ባልንጀሮቹ ሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ፤ ሕዝቡን በንግግርና በመዝሙር ለመጪው ፈተና ሊያነቃቁት። ወረራው አልፎ ማኅበሩ ቲያትር ቤት ሆነ፤ ጥላሁን ገሠሠም በልጅነት ድምፁ ከዚያ መድረክ ተነሣ። በጥይት ሊመክቱት ያልቻሉትን በዜማ ለመመከት የተነሡ ሰዎች ያቆሙት ቤት ዛሬም መጋረጃውን ይከፍታል።

እቴጌ ጣይቱ ሆይ፣ ሆቴልዎ ሲከፈት ገንዘብ ከፍሎ መብላት ለመኳንንቱ ነውር ነበር ይባላል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው እንደ ደንበኛ ገብተው፣ በልተው፣ ከፍለው አሳዩ ይባላል። ታሪኩ ሲወርድ ሲዋረድ ጥቂት ሳይጨመርበት አልቀረም ይሆናል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። ንጉሥ የምሳ ሒሳብ ሲከፍል የታየበት አገር ዘመናዊ ለመሆን የቆረጠ አገር ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት በዚያ ቤት ተነሣ፤ የጃዝ ሙዚቃ ይሰማበት የነበረው ጃዛምባም በእሳቱ ጠፋ። የአዲስ አበባ ልጅ ያን ቀን የቤተሰቡ ቤት የተቃጠለ ያህል አለቀሰ። ሆቴሉ ግን ተጠገነ፤ የእንጨት ወለሉ ዛሬም ከእንግዳ እግር በታች ይንጫጫል።

ስለ ኳስሽ ዝም ብል ድንጋዩ ይጮኻል። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር ከሰሜንና ከደቡብ እየገፋ ሳለ፣ አየለ አትናሽና ግሪካዊው ጆርጅ ዱካስ በአራዳ አንድ ክለብ መሠረቱ፤ ስሙንም ከደብሩ ወሰዱ። ጦር እየመጣ ኳስ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው አራዳን አያውቃትም። ከዚያ ክለብ ይድነቃቸው ተሰማ ወጣ፤ ለረጅም ዘመን የቅዱስ ጊዮርጊስን ማልያ ለበሰ፤ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ አህጉሩን ወከለ፤ የደቡብ አፍሪካን ዘረኛ መንግሥት ከሜዳ በማስወጣት ድምፁን አሰማ። የዚያ ክለብ፣ የ«ፈረሰኞቹ»፣ ዜማ በስታዲየም ሲነሣ የዓድዋውን ፈረስ ኮቴ የሚሰማ ሰው እብድ አይደለም።

ሌሊትሽም የራሱ ክብር አለው። ደጃች ውቤ ሰፈር በመብራትና በዋሽንት፣ በአዝማሪና በሐሜት ሌሊቱን ሲያነጋ ኖሯል፤ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ሲጽፍ ያንን ዓለም ሳያፍርና ሳያሳፍር ወደ መጽሐፍ አስገባው። ጠዋት ደግሞ የቶሞካ ቡና ሽታ ከመንገዱ ማዶ ይጠራል፤ ቆመው የሚጠጡት ደላሎች፣ ጠበቆችና ጡረተኞች የአገሩን ፖለቲካ በአንድ ስኒ ይፈርዱታል። ማሕሙድ ሙዚቃ ቤት ፊት ለፊት ተቀጣጥሮ ያልጠበቀ፣ ጠብቆም ያልቀረበት የአዲስ አበባ ጎረምሳ ስንት ይሆን? የማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት ስንቱን የዘገየ አፍቃሪ ታዝቧል! (አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ያ ሕንፃ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል እያየ ሲቆም ትዕቢተኛ የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ጥሩ አቋም ነው እላለሁ።)

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሌላ መነሣትና ሌላ መውደቅ አየን። የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በምኒልክ ሐውልትና በማዘጋጃ ቤቱ መካከል ተመረቀ። የዓድዋ ድል ከተገኘ መቶ ሃያ ስምንተኛ ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነበር። የዓድዋ ታሪክ በዓድዋ ሰማዕት ደጅ የተሟላ ቤት ማግኘቱን ያልወደደ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ወር ገደማ ሳይቆይ ግን የኮሪደር ልማቱ ዶዘር በፒያሳ መንደሮች ገባ። ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፤ ሠራተኛ ሰፈርም ብዙ ቤቱን አጣ፤ ለትውልድ የኖሩ ቤተሰቦች ጓዛቸውን ጭነው ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ሄዱ። መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱ ደምቋል፤ ከዝናብ በኋላ ጭቃ የሚረግጥ ጥቂት ነው። በዚህ ደስ ያለው አለ፤ ያደገበት ጓሮ አስፋልት ሆኖ ሲያገኝ የሚያለቅስ አለ፤ ሁለቱም የአራዳ ልጆች ናቸውና አንዱን በሌላው አልከስስም። አንድ ነገር ግን በግልጽ እናገራለሁ፤ ሐውልት ሲነሣ መመለሻው በጽሑፍ ይያዛል፤ ጎረቤት ሲነሣ ግን መመለሻውን የሚጽፍለት የለም። ቡና ያጣጡት ሴቶች፣ እድር የጣሉት አባቶች፣ ልጅን ከልጅ ሳይለዩ የቆጡት አሮጊቶች፣ እነርሱ ባይኖሩ የአራዳ ልጅ የሚባለው ሰው ከየት ይወጣ ነበር? ብልጠቱን ከመጽሐፍ አልተማረው፤ ጨዋታውን ከሲኒማ አልቀዳው፤ ከእነርሱ ደጃፍ ነው የለቀመው።

ስለዚህ አራዳ ሆይ፣ ምስጋናዬን ከንጉሥና ከጳጳስ አውርጄ በዚያ ደጃፍ ለተቀመጡት እሰጣለሁ። የደጃች ውቤ ሰፈር እናቶች፣ የአርመን ሰፈር አሮጌ ልብስ ሰፊዎች፣ የወርቅ ቤቱ አንጥረኞች፣ የሰባ ደረጃ ልጆች፣ የጊዮርጊስ ጥላ ያዦች፣ ጧፍና ሻማ ሻጮች፣ የኔ ቢጤዎች፣ ስማችሁ በድንጋይ አልተቀረጸም፤ ቢሆንም ድንጋዩ የቆመው በእናንተ መካከል ነው።

እነሆ የሰማዕቱ በዓል ደርሷል፤ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን አንሥተዋል፤ ከበሮው ታንግቷል፤ ታቦቱ ሊወጣ ነው። እኔም ቃሌን ለእነርሱ እለቅቃለሁ። እናንተ በአጸዱ ዙሪያ የቆማችሁ ግን ጥቂት ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከዳርቻው ሰፈር በሌሊት ተነሥተው፣ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይረው የመጡ የቀድሞ ጎረቤቶቻችን በሩ ላይ ደርሰዋልና መንገድ ልቀቁላቸው፤ ወደ ፊት ይለፉ።